ጋሽ ሽብሩና የጎደለችው “ው”

«ሙሉ፣ ያ ተሳዳቢሽ ሞተ» አለችኝ ሲስተር ዘነበች በስልክ። የቀድሞ አለቃዬ ናት፤ መርዶ አነጋገሯ ከመርፌ አወጋጓ ይብሳል። ማን እንደሞተ ስም መጠየቅ አላስፈለገኝም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ ስድቡ የናፈቀኝ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጋሽ ሽብሩ፣ የመካኒሳ አቦው ታፔላ ጻፊ።

ቀብሩ ላይ ደረስኩ። እንደ ደንቡ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። «ሟች በሥራቸው ጥንቁቅ፣ በጠባያቸው ጭምት፣ በአነጋገራቸው ቁጥብ ነበሩ» ተባለ። የተሳሳተ ቀብር የመጣሁ መስሎኝ አንገቴን አስግጌ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አየሁ። እሱ ራሱ ነው። ጋሽ ሽብሩ ጭምት ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ። ጥንቁቅ የተባለው ደግሞ የመካኒሳን ሰው ግማሹን በለቅሶ ፈንታ አስቆታል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉት ሁሉ ያዘኑ እንዳይመስላችሁ። እንግዲህ ያ ወረቀት ሳይታረም የተነበበ ነውና እኔ ላርመው።

የተዋወቅነው መንግሥት ከተለወጠ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሲስተር ዘነበች ጡረታ ወጥታ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ክሊኒክ ከፍታ ነበር። አራት ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና የሰው ክብደት የሚዋሽ አንድ ሚዛን። እኔ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ካርድ ክፍል ማለት መስኮት የተበጀለት ቁም ሣጥን ማለት ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሰፈሩን ገበና ሁሉ ያውቃል፤ አፉን ግን ሰፍቶ መኖር አለበት።

ሲስተር የፊት ለፊቱን ግድግዳ ነጭ አስቀብታ አንድ መፈክር እንዲጻፍበት ፈለገች፤ «ፈውስ ለሁሉም» የሚል። ለዚህ ጋሽ ሽብሩ ተጠራ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጋዜጣ የታጠፈ ቆብ ያደረገ ሰው መጣ። ብሩሹን የሚጠርገው በሱሪው ግራ ጭን ላይ ነበርና ያቺን ጭን ያየ የመካኒሳን ሱቆች ቀለም በሙሉ ያውቃል። ሥራውን ለማየት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አውራ ጣቱን ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። መንገድ ገብቶ መኪና ካልጮኸበት ወይም ቦይ ውስጥ ካልወደቀ አይቆምም። አንድ ቀን ከቦዩ ጎትተን ስናወጣው «ከታች ሲያዩት የበለጠ ያምራል» አለን።

በደርግ ጊዜ አደባባይ ላይ የሚሰቀሉትን የጢማሞቹን ምስል ከሚስሉት አንዱ ነበር። «ሰባት ዓመት ሙሉ ጢም ብቻ!» ይላል። «ሌላው ዓይን ይሥላል፣ ሌላው ግንባር ይሥላል። እኔ ጢም ክፍል ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ነጭ ቀለም ሰጡኝና የገዛ ጢሜን እኔው ራሴ አጠፋሁት። ለሥዕል መድረቅ ብቻ ሳይሆን መጥፋትም የተፈጥሮ ነው።»

ክሊኒኩ ውስጥ ኤርሚያስ የሚባል ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ የሆሳዕና ልጅ። ጴንጤ ነው፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ አያልፍም። ጋሽ ሽብሩ መሰላል ላይ ሆኖ ሲያስል ሰማውና ከሥር ቆመ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ድነሃል?»

«ኧረ ምን ድኜ! ሳሉ ይኸው ደረቴን አንቆ ይዞኝ የለ!»

«እሱን አይደለም። ጌታን ተቀብለሃል ወይ ማለቴ ነው።»

«የትኛውን ጌታ? እኔ በዚች ዕድሜዬ ስንቱን ጌታ ተቀብዬ ስንቱን ሸኘሁ መሰለህ። ሁሉንም በዘይት ቀለም ነው የተቀበልኳቸው።»

ኤርሚያስ ተስፋ የማይቆርጥ ልጅ ነው። በማግስቱም ጠየቀው። ጋሽ ሽብሩ በየቀኑ ስለ ሳሉ፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ኪንታሮቱ መለሰለት። አንድ ቃል ይዘው ሁለት ሰዎች ያን ያህል ሲደነቋቆሩ አይቼ አላውቅም።

መፈክሩ ያለቀው የሰኔ አንድ ማለዳ ነው። እኔ ከብስራተ ገብርኤል በታክሲ መጥቼ ስወርድ ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀና ስል ግን ክንድ በሚያካክሉ አረንጓዴ ፊደላት እንዲህ ተጽፏል፤ «ፈስ ለሁሉም»።

ሲስተር ዘነበች ስትናደድ ወደ አንቱታ ትሸጋገራለች። «አቶ ሽብሩ፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አለች።

ጋሽ ሽብሩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ሄደ። «ፈውስ ለሁሉም።»

«እንደገና ያንብቡ። በጣትዎ እየጠቆሙ።»

«ፈ… ው…» ጣቱ አየር ላይ ቀረ። እንደጠፋ በግ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ፈለገ። «ውን ውጫታለሁ መሰለኝ።»

«ውጠዋታል?»

«ሲስተር፣ የኔ ሥራ መቀባት ነው፤ ማንበብ የእናንተ ነው።»

ስህተቱን ላርም ብሎ ትንሽ «ው» በሁለቱ ፊደላት መሃል ሊሸጉጥ ሞከረ። በትርፍ እንደተጫነች የታክሲ ተሳፋሪ ተጨፍልቃ ቀረች፤ ማንም አላያትም። የላፍቶ ታክሲ ወያላዎች ግን በዚያው ቀን ለፌርማታችን ስም አወጡለት። «ፈስ ጋ ወራጅ አለ?» ይላሉ። ወይዘሮዎች ሳይቀሩ «አዎ፣ ፈስ ጋ አውርደኝ» እያሉ ይወርዳሉ። ሲስተር ይህን በጆሮዋ ስትሰማ ግድግዳውን መልሳ ነጭ አስቀባችና ፈረደች፤ «ከእንግዲህ ፊደል የሚባል ነገር ግድግዳዬ ላይ እንዳላይ! ሰው አይቶት ‹እዚህ ይዳናል› የሚል ምልክት ብቻ ይሣሉልኝ።»

ጋሽ ሽብሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ያን ዓመት ግን በየቦታው ፊደል እየዋጠ፣ እየለወጠ ሄደ። የአባቱን ስም ለማስጠራት «መታሰቢያ ግሮሰሪ» ብለህ ጻፍልኝ ያለውን ሰውዬ «መታሰሪያ ግሮሰሪ» ብሎ ሰቀለለት። ጠጪዎቹ ወደዱት፤ ለሚስቶቻቸው «ታስሬ ነው የመጣሁት» ማለት ጀመሩ። «ልብስ እናጥባለን» የሚለውን ደግሞ «ልብ እናጥባለን» አለው። እሱን ኤርሚያስ አይቶ «ትክክለኛ መልእክት ነው፣ አትንኩት» ብሎ ተሟገተ።

ሰፈሩ «ሽብሩ መጠጥ አበዛ» አለ። እኔ ግን ነገሩን አውቃለሁ፤ ካርድ ክፍል ነኝ። የጋሽ ሽብሩ ፊደል ራሱ ውስጥ አልነበረም፤ ሚስቱ ዘንድ ነበር። ቲቸር ጥሩወርቅ የሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ናት። እሷ የሚጻፈውን ነገር ከደብተር በቀደደችው ወረቀት ላይ በትልቁ ትጽፍለታለች፤ እሱ ያንን እያየ ይገለብጣል። ማታ መንገዷን አሳብራ ታፔላው ሥር ትቆምና፣ የሐመሩ «ሐ» ትሁን የሀሌታው «ሀ»፣ ሁሉንም አይታ «ታረመ» ካላለች ቀለሙ አይደርቅም ነበር ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ ላይ ቲቸር ሕመም ተሰማትና ወደ ክሊኒካችን መጣች። ሲስተር ዳብሳ ፊቷ ተለወጠ፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከቻት። ግራ ጡቷ ተቆረጠ። ለሰፈር «ጨጓራዋን ተቀድዳ ነው» ተባለ፤ እውነቱን የምናውቀው ሲስተር፣ ቤት እየሄደ ቁስሏን ያጥብ የነበረው ኤርሚያስና ካርዷን ያስቀመጥኩት እኔ ብቻ ነን። ቁስሉ ደረቀ። ሐኪሙ «ድነሻል» ብሎ ፈረመላት። እሷ ግን ከቤት መውጣት እምቢ አለች። ወረቀት አትነካም፣ ቀይ እስክሪብቶ አታነሣም፣ ጠያቂ ሲመጣ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትምህርት ቤቱም እስከ ሰኔ ከታገሠ በኋላ ደብዳቤ ላከ፤ መስከረም ላይ ካልተመለሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጋሽ ሽብሩ ደብዳቤውን ለኔ ነው ያስነበበኝ። ሲሳደብ ሰምቼው እንጂ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን «ሙሊት፣ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ምናልባት ሌላ ነገር ይል ይሆናል» አለኝ።

ሌላ ነገር አይልም።

እንግዲህ በዚህ ልብ ነው የፈውስ ምልክት ሣል የተባለው። መጀመሪያ የሣለው ሲስተር ያዘዘችውን ነው፤ ፋርማሲ ላይ የሚታየውን እባብ። ችግሩ፣ ሥዕሉ ከመጠን በላይ አማረ። ዋንጫው ላይ የተጠመጠመው እባብ ምላሱ ሁሉ የሚርገበገብ ይመስላል። ጥበቃችን ኦቦ ቢራቱ የዚያን ሳምንት ዕረፍት ላይ ነበሩ። ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ ያደጉ፣ በዕድሜያቸው ብዙ እባብ የገደሉ ሰው ናቸው። ከዕረፍት ተመልሰው ጠዋት በሩን ሲከፍቱ እባቡን አዩት። በዱላቸው ሦስት ጊዜ አናቱን አሉት። ልስኑ ረገፈ፤ እባቡ ራስ የሌለው ገመድ ሆኖ ቀረ።

ያልተደሰቱት ኦቦ ቢራቱ ብቻ አልነበሩም። አንዲት እርጉዝ «በእባብ በር አልገባም» ብላ ተመለሰች። ኤርሚያስ ሔዋንን ያሳተው ማን እንደሆነ አስታወሰን። ጸበል ሊረጩ የመጡ አንድ ቄስ ደግሞ «ሙሴ የናሱን እባብ ሰቅሎ ሕዝቡ አይቶ ድኗል፤ ምልክቱ ሐሰት አይደለም» አሉና ትንሽ አሰቡበት። «ግን እሱ በረሃ ነው። ይኼ መካኒሳ ነው።»

ጋሽ ሽብሩ «እባቡ ሊያድን ሳይሆን ሊታከም የመጣ ነው በሏቸው» ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። ሲስተር ግን እባቡን አስጠፋችው።

ለሁለተኛው ሥዕል አራት ቀን አሰበ። ከዚያ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ክርኑን አስደግፎ ነገረኝ። «ስሚ ሙሊት። ሰው ዳነ የሚባለው መቼ ነው? ነፍሱ ስትመለስ ነው። ነፍስ ደግሞ ምንድን ናት? ትንፋሽ ናት፣ አየር ናት። እስቲ ተበስቶ፣ ተንፍሶ፣ ሞተ ተብሎ፣ ተለጥፎ እንደገና አየር ይዞ የሚነሣ ነገር ንገሪኝ።»

«አላውቅም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ከመነዳሪ!»

ሣለውም። ጥቁር፣ የተነፋ፣ በር የሚያክል የመኪና ጎማ ከመነዳሪ፤ ጎኑ ላይ ልብ የመሰለ ቀይ ልጣፍ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ወድጄው ነበር። ልጣፉ ዙሪያ ማስቲሹ ሲያብለጨልጭ ሁሉ ይታያል። ጋሽ ሽብሩ ወደ ኋላ እየሄደ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ቦይ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ አንድ የአይሱዙ ሹፌር የተነፈሰ ጎማ እያንከባለለ በሩን አልፎ፣ የታመሙትን ሰዎች ሰልፍ አቋርጦ መስኮቴ ላይ ደረሰ። እኔ ቀና ሳልል እንደ ልማዴ ጠየቅኩ።

«ስም?»

«የኔ ነው የጎማው?»

«ዕድሜ?»

«ከገጠምኩት ስምንት ወር ይሆነዋል።»

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

«እቴ፣ እኔን ምንም አላመመኝም። ጎሚስታው የት ነው?»

በዚያ ሳምንት አምስት ጎማ ገባ። አንዱን እንዲያውም ኦቦ ቢራቱ ወረፋ አስይዘውት ነበር፤ ከሚያስሉት ሴትዮ ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ሲጠብቅ ሲስተር አገኘችው። የሚቀጥለው አንቱታ እስከ ብስራተ ገብርኤል ተሰማ። ጋሽ ሽብሩ መሰላሉንም ትቶ ሄደ።

እኔ ነኝ «ሂጂና መሰላሉን ይውሰድ በይው» ተብዬ ቤቱ የተላክሁት። ሐምሌ ነው፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ጋሽ ሽብሩ የሌለ መሰለኝ፤ ቲቸር ብቻዋን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ልታዞር ስትል ማንነቴን አየችና ተወችው። ካርዷ እኔ ዘንድ ስለሆነ ከኔ የምትደብቀው አልነበራትም።

«ምን አጠፋ ደግሞ?» አለችኝ።

የከመነዳሪውን ነገር ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«አየሽ ሙሉ፣ እሱ የተለጠፈ ነገር አየር ከያዘ በቃ ይመስለዋል። ‹ድነሻል› አሉኝ። ከምኑ ነው የዳንኩት? ስገባ ሙሉ ሰው ነበርኩ። አሁን ስልሳ ልጅ ፊት ቆሜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ክንዴን ሳነሣ ልጆቹ የሚያዩት ፊደሉን ነው? ልጅ እንደሆነ ያያል። ያየውን ደግሞ ለእናቱ ይናገራል። ከዚያ እኔ የአማርኛ አስተማሪ መሆኔ ቀርቶ ያቺ ሴትዮ እሆናለሁ።»

ሰው እንዲህ ሲል «አይዞሽ» ማለት ስድብ ይመስለኛል። «ቲቸር፣ ያለ አንቺ ግን ሰፈሩ ፊደል ጠፋበት» አልኳት።

«ይጥፋበት» አለች።

ስወጣ ጋሽ ሽብሩን ከቤቱ ጀርባ አገኘሁት። ቁጢጥ ብሎ ብሩሹን በነጭ ጋዝ እያጠበ፣ ሁሉንም ሰምቷል። ሳይሰድበኝ ያለፈኝ ብቸኛ ቀን እሱ ነው።

በማግስቱ ክሊኒክ መጥቶ ሲስተር ፊት መቆሙን አስታውሳለሁ። ቆቡን አውልቆ ነበር። «አንድ ጊዜ ብቻ» አላት። «ይኼኛው ካልሆነ ሰማያዊ ቀለም ደፍቼበት እሄዳለሁ።» ሲስተር ምን እንደታያት እንጃ፣ አንተ እያለች ፈቀደችለት። ግድግዳውን በትልቅ ላስቲክ ሸፈነው፤ ለዝናቡ ነው አለ። ከላስቲኩ ጀርባ ሳምንታት ሠራ። ማንንም አላስገባም። ኤርሚያስ እንኳ በላስቲኩ በኩል «ድነሃል?» ሲለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሳል አላወራም። «ቆይ፣ እየሠራሁበት ነው» አለው።

ጳጉሜን ሦስት ደረሰ፤ ሩፋኤል። የዚያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ስለሚባል መካኒሳ ውስጥ ቤቱ የተቀመጠ ሰው የለም። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ጭቃው ላይ ይዘላሉ። ትልልቆቹም ጣሪያ የሚሹ መስለው ቀስ ብለው ይርሳሉ። ልክ ዝናቡ ሲበረታ ጋሽ ሽብሩ ወጣና ላስቲኩን በአንድ እጁ ገነጠለው።

ሴት ናት። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ፊት ለፊት የምታይ፣ ግድግዳውን የሞላች ሴት። ቀሚሱ ደረቷ ላይ በአንድ በኩል ተቀዷል፤ ቀዳዳው ላይ እንደ ጠራ ሰማይ የሆነ ሰማያዊ እራፊ በትልልቅ ስፌት ተጥፎበታል። ስፌቱ ገና አላለቀም። ክሩ ከእራፊው ይወጣና ሽቅብ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ መርፌ አለ፤ መርፌውን የያዘችው ራሷ ናት። ፊቷ ደግሞ የታመመች ሴት ፊት አይደለም፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ያገኘች ሴት ፊት ነው።

ማን እንደሆነች ለማንም መንገር አላስፈለገም። ልጆቹ እንዳሉ «ቲቸር ጥሩወርቅ!» ብለው ጮኹና እየተንጫጩ ወደ ቤቷ ሮጡ። ሲስተር ዘነበች መነጽሯን አውልቃ ዝናቡን ልትጠርግ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ግን ፈራሁ። ሰው ሊያየው የማይገባውን ነገር ግድግዳ ላይ አውጥቶባታል። ይህችን ሴት ነገሩ ዛሬ ይገድላታል ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ሽብሩም የፈራ መሰለኝ፤ ብሩሹን ሱሪው ላይ ሳያቋርጥ ይጠርጋል፤ ብሩሹ ላይ ቀለም አልነበረም።

መጣች። በዘጠኝ ወሯ መንገድ ላይ ታየች። ጋቢዋን እንኳ በወጉ አልያዘችም፣ አንድ ጫፉ ጭቃ ይጠርጋል። ሰዉ እንደ ባሕር ተከፈለላት። ግድግዳው ፊት ቆመች፤ ዝናቡ በፊቷ እየወረደ ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ደብተር እንደምታርም አየችው።

«ሽብሩ!»

«አቤት።»

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እሱን አየሁ። እራፊው የት ነው ያለው?»

«ደረትሽ ላይ።»

«በየት በኩል?»

«በግራ በኩል ነዋ።»

«በማን ግራ?»

ጋሽ ሽብሩ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አየ። ሥዕሉን አየ። እንደገና እጆቹን አየ። «በ… በኔ ግራ።»

«ያንተን ግራ ማን ጠየቀህ! ፊት ለፊት የቆመች ሴት ግራዋ በየት በኩል ነው? ሃያ ሁለት ዓመት አብረኸኝ ኖረህ ግራና ቀኜን አታውቀውም? የተቆረጠው ግራ ጡቴ ነው! ግራ! በግድግዳ ሙሉ ደህናውን ነው የጣፍክብኝ!»

ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ታክሲ ፌርማታው ድረስ ያለው ሰው ሰማ። ልጆቹ መዝለል አቆሙ። ዘጠኝ ወር ሙሉ በጋቢ የተሸፈነው ነገር በገዛ አፏ መንገድ መሃል ወጣ። እሷም የዚያን ጊዜ ነው የሰማችው መሰለኝ፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ የተናገረችው ጎረቤቷ፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ እማማ ዘርፌ ናት። «እንዴ ቲቸር» አለች፣ የምር ግራ ገብቷት፣ «ጨጓራ ነው አላሉንም እንዴ?»

ቲቸር እጇን ከአፏ አነሣች። «እማማ ዘርፌ፣ ጨጓራ ጡት ላይ ይበቅላል?»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። እኔ አይደለሁም፣ እኔ እያለቀስኩ ነበር። ብቻ ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደና እሷ ጋ ሲደርስ ያዛት። ሆዷን ይዛ፣ ጋቢዋ ትከሻዋ ላይ ሸርተት ብሎ፣ በዝናብ ደረቷ ላይ የተጣበቀውን ቀሚስ ማን አየ ማን አላየ ሳትል ሳቀች። እማማ ዘርፌ ጋቢውን ልታለብሳት ስትጠጋ «ተይው፣ ጸበል ነው» አለቻት። ከዚያ ኮስተር ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ቀይ ቀለም አለህ?»

«ዝናብ ነው እኮ ጥሩዬ፣ አይዝም።»

«አለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ሰጣት። ብሩሹን እንደ እስክሪብቶ ይዛ፣ የተሳሳተው እራፊ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ትልቅ ኤክስ አደረገችበት። ቀዩ ቀለም በዝናቡ እየወረደ ነጩን ቀሚስ አበላሸው። ደንታም አልሰጣትም። «ነገ አስተካክለህ ሥራ፤ እኔ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ» አለችው።

በማግስቱም መጣች። ኩርሲ አምጥተንላት ግድግዳው ፊት ተቀምጣ «ወደ ላይ፣ ኧረ ወደ ላይ! የኔ እዚያ ድረስ ወርዶ ያውቃል?» እያለች አሠራችው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ይሰማል። ኤርሚያስ በበሩ ብቅ ብሎ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት «አዎ» አለችው፣ ሳይጨርስ።

መስከረም ላይ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ ክሊኒካችን የማያውቃቸው ሴቶች ይመጡ ጀመር፤ ሊታከሙ ሳይሆን ግድግዳውን ሊያዩ። ከላፍቶ ማዶ ድረስ ይመጣሉ። ጥቂት ይቆማሉ፣ እራፊውን በጣታቸው ነካ ያደርጉና ሳይናገሩ ይሄዳሉ። እኔ በመስኮቴ አያቸዋለሁ፤ ካርድ አውጡ አልላቸውም። መንገዱ ሲሰፋ ግድግዳው ፈረሰ። ጋሽ ሽብሩ ሲፈርስ ቆሞ አየና «የኔ ሥራ ዕጣው ነው» ብሎ ዶዘሩን የሚነዳውን ልጅ እስከ ሰባት ቤት ሰደበው።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ኖሮ በበጋ አንድ ቀን ጠየቅኩት። ቤታቸው በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቆርቆሮ ይፍቃል፤ ቲቸር ውስጥ ፈተና ታርማለች። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን ግራና ቀኙ የምር ጠፍቶህ ነው?»

ቆርቆሮውን መፋቁን አቆመ። በዚያ ስንት ቦይ በገባ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንቺ ደነዝ» አለኝ በሹክሹክታ። «ፊደል ይጠፋኛል። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ የተኛሁ ሰውዬ ይኼ ይጠፋኛል?»

«ሽብሩ፣ ምንድን ነው የምታወሩት?» አለች ቲቸር ከውስጥ።

«እየሰደበችኝ ነው» አላትና ቆርቆሮውን መፋቁን ቀጠለ።